የጥር ተረኛ

ዓለም ልታልፍ ሦስት ሳምንት ሲቀራት እኔ እህቴ ቤት ሽሮ እያማሰልሁ ነበር። ቀኑ ታኅሣሥ ሃያ አንድ ነው፤ የነቢያት ጾም ገና አልተፈታም። የማኅበራችን የዚያ ወር ደጋሽ እህቴ ስለነበረች ከጠዋት ጀምሮ ወጥ ቤት ቆሜ ውያለሁ። እሷ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እግሯ አብጧል። ተቀመጪ ስላት አትቀመጥም፣ ሐኪም ቤት ሂጂ ስላት አትሄድም፤ ከሦስት ቀን በኋላ ግን ተራራ ልትወጣ ልብሷን ሸክፋ አስቀምጣለች። ንዴቴን የማወጣበት ሳጣ ሽሮውን ከሚገባው በላይ አማሰልሁት።

ከመነሻው ልናገር። ማኅበሩን ካቋቋሙት አንዷ እናቴ ናት። ያኔ ለሥራ ብሎ ከየአገሩ ባሕር ዳር የመጣው ሰው ዘመድ አልነበረውም። ፋብሪካ የገባው፣ ትምህርት ቤት የተመደበው፣ ቢሮ የተቀጠረው ሁሉ ቢታመም ጠያቂ፣ ቢሞት ቀባሪ ስላልነበረው፣ አሥራ ሁለት ቤተሰብ በእመቤታችን ስም ተሳሰረ። በየወሩ በሃያ አንድ ቀን አንዱ ይደግሳል። ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ሲያበቃ ደጋሹ ጽዋውን አንሥቶ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ያስረክባል። ጽዋው በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ጠላ ያለበት አነስተኛ የሸክላ ገንቦ ነው። የተቀበለው ሰው እየተዘመረለት ቤቱ ድረስ ይሸኛል፤ ወር ሙሉ ጽዋው እሱ ዘንድ ይቆያል። ሕጉን በመጀመሪያው ደብተር ላይ የጻፉት አባቴ ናቸው፤ እንዲህ ይላል፦ ጽዋው ሰው በሌለበት ቤት አያድርም፤ ተረኛው ካልተቀበለ፣ ተቀባይ እስኪገኝ ካለበት አይነሣም። ይህን ሕግ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያነበበው ሰው አልነበረም፤ ጽዋ እምቢ ያለ አልነበረማ።

እናቴ የሞተችው እህቴ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። አባቴ መንኩሰው ወደ ዘጌ ተሻገሩ፣ እዚያም መጽሐፍ ትርጓሜ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ያቺን ልጅ አጥቤ፣ አበጥሬ፣ አስተምሬ፣ ድሬያታለሁ፤ የራሴ ልጅ የለኝም። እሷም በተራዋ አሥራ አንድ ዓመት ያህል ልጅ አጥታ ያልተጠመቀችበት ጸበል የለም። በመጨረሻ ስትጸንስ ወሬውን የነገረችኝ በስልክ ነው፤ ሥራ ቦታ ነበርሁ፣ የያዝሁት የውሃ ናሙና ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። የምሠራው የከተማውን የመጠጥ ውሃ በመመርመር ነው። በሥራ ዘመኔ ናሙና የሰበርሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀያሹ ጋሼ ወደ ማኅበራችን የገቡት ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ሚስታቸው ሞታባቸው ፔዳ አካባቢ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ከዱርቤቴ እስከ ቆላ ድባ ችካል ያልተከሉበት መሬት የለም ይባላል። ክፉ ሰው ቢሆኑ በደስታ እጽፈው ነበር፤ ግን አይደሉም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ለመትከል ቀድመው የሚደርሱ፣ የታመመ ለመጠየቅ ከተማውን በእግር የሚያቋርጡ ሰው ናቸው። ሕዝቡ ያመናቸው በዚህ ነው፤ አንድ አጭበርባሪ መጥቶ ቢሆን ኖሮ በአንድ ወር እናባርረው ነበር።

ሲለኩ የኖሩት መሬት ስላለቀባቸው ይመስለኛል ዘመንን መለካት ጀመሩ። ትልቅ የቅየሳ ወረቀት ላይ ከአዳም እስከ ዛሬ አንድ መስመር አሰመሩ፤ ስምንተኛውን ሺ በቀይ እርሳስ ቀለሙት። ጦርነቱ እዚህ ጋ፣ የመንገዱ መዘጋት እዚያ ጋ፣ አዲሱ ዲጂታል መታወቂያ እንዲህ ዝቅ ብሎ፣ ጣና ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ ደግሞ ከዳር። መስመሩ ሁሉ ተደምሮ ከጥምቀት በፊት ያልቃል። ወረቀቱን ከዳቦው በኋላ እየዘረጉ በትሕትና ያስረዱናል፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም።

እምቦጩ ላይ ሲደርሱ አላስችል አለኝ። ያን አረም ወገቤ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቼ ነቅየዋለሁ፤ ውሃውንም በየሳምንቱ እመረምራለሁ። ጋሼ፣ ይህ ምልክት ሥር አለው፣ የሚመገበውም ከእኛው ሽንት ቤትና ከማዳበሪያችን ነው አልኋቸው። ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ቀጥለው፣ ምክንያት ያለው ነገር ምልክት አይሆንም ያለሽ ማን ነው ብለው ጠየቁኝ። እስከ ዛሬም መልስ የለኝም፤ ያ ግን ልክ ናቸው ማለት አይደለም።

ኅዳር ላይ ስለ ስደቱ የሚናገረውን የወንጌል ክፍል አነበቡ። በይሁዳ ያሉት ወደ ተራራ ይሽሹ ከሚለው ጀምረው፣ በዚያ ወራት ለእርጉዞችና ለሚያጠቡ ወዮላቸው እስከሚለው ደረሱ። እሳቸው ቀና ብለው እህቴን አላዩዋትም። የቀረው ሰው ግን በሙሉ ሆዷን ተመለከተ። ጋቢዋን ሳብ አድርጋ ስትሸፍነው አየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክትትሏን ተወች። ሐኪሟ የደም ግፊቷ መጨመሩን ነግራ በየሁለት ሳምንቱ እንድትመጣ አዝዛት ነበር። የገንፎ ገብስ ሸምቼ ብልክላት፣ ለሌላ አራስ ስጪው ብላ መለሰችልኝ። ለመውለዷ የሚሆን አንዲት ጨርቅ አላዘጋጀችም። ቀያሹ ድሮ በወጣትነታቸው የለኩት፣ ጸበል ያለበት ተራራ አለ አሉ፤ አራት ቤተሰብ በሚኒባስ ሊወጡ ተስማሙ፣ አንዱ የእህቴ ነው። ባሏ ዝምተኛ ሰው ነው። የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ሁሉን ነገር ለእሷ ይተዋል። ከዚያ ተራራ እስከ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ስንት ሰዓት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ እሱንም እኔም አስቤዋለሁ ብሎ አንገቱን ደፋ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ በጀልባ ወደ ዘጌ ሄድሁ። መሣሪያ ፍለጋ ነው የሄድሁት። አባቴ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ያስተምሩ ነበር፤ ተማሪው አንድ መስመር ያነባል፣ እሳቸው ይተረጉሙታል፣ ከዚያ አንድም ብለው ሌላ ፍቺ ይጨምራሉ፣ እንደገና አንድም ይላሉ። ሕፃን ሆኜ ቤታችን በር ላይ ተቀምጬ ይህን እሰማ ነበር፤ የማስበውም አባቴ አንድን ነገር መወሰን የሚከብዳቸው ሰው እንደሆኑ ነበር። ተማሪዎቹ ሲበተኑ ሁሉን ነገርኋቸው። ይምጡና ውሸት ነው ይበሏት አልሁ።

«ምኑን ነው ውሸት የምለው?» አሉ። «አርባ ዓመት ይመጣል ብየ አስተምሬ፣ ለልጄ አይመጣም ልበላት?»

አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲያ ትሙት ወይ አልኋቸው። መቋሚያቸውን ደባበሱ። ከዚያ ቀስ ብለው እንደ ተማሪያቸው አስረዱኝ። ያ ሽሹ የሚለው ቃል ለተከበበች ከተማ ነው፤ አንድም ከኃጢአት ለሚሸሽ ሰው ነው፤ አንድም ለመጨረሻው ቀን ነው፤ ሰውየው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዘው ችካል ተከሉበት። ስለ እርጉዞቹ የተናገረውም ሮጠው ማምለጥ ስለማይችሉ አዝኖላቸው እንጂ አሩጧቸው ሲል አይደለም።

ይህን ይንገሯት አልሁ። ብነግራትም በክርክር የሚለቅ ፍርሃት አይደለም አሉ። ጀልባው ሊነሣ ሲል እየተደገፉ እስከ ዳርቻው ሸኙኝ።

«እኔስ የምፈራው መምጣቱን አይደለም» አሉኝ። «ሲመጣ ተራችንን ጥለን ሸሽተን እንዳያገኘን ነው።»

ሐሳቡ የመጣልኝ ሐይቁ መሐል ስደርስ ነው። የታኅሣሥ ተረኛ እህቴ ናት። የጥር ተረኛ ደግሞ ቀያሹ ናቸው፤ እሳቸው ጥር የሚባል ወር ተጋምሶ እንደማይቀጥል ነግረውናል፣ በሃያ አንድ ቀን ሊደግሱ አይችሉም። ጽዋውን ካልተቀበሉ፣ ሌላም ካልተቀበላት፣ በአባቴ ሕግ ጽዋው እህቴ ቤት ይቀራል፤ ሰው በሌለበት ቤት ደግሞ አያድርም። በተቀደሰ ነገር ተንኮል መሥራት ነው ብሎ ኅሊናዬ ወቀሰኝ። ወቀሳውን ከተሳፋሪዎቹ ጋር አብሬ አሳፍሬው ባሕር ዳር ወረድሁ።

በሁለት ቀን ውስጥ ተራራ የማይሄዱትን ቤተሰቦች ሁሉ አዳረስሁ። አትቀበሏት፣ እባካችሁ፣ ለአንድ ወር ብቻ። ከሁሉም ያስቸገሩኝ ከእናቴ ጋር ማኅበሩን የመሠረቱት አሮጊት ናቸው። «ጽዋ እምቢ ይባላል?» አሉኝ፤ እውነትም አይባልም፣ ከነውርም ነውር ነው። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን አልኋቸው። አንቺ እናትሽን ነሽ ብለው ቀና ብለው አዩኝና ተስማሙ።

እንግዲህ ወደ ሽሮው ልመለስ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ተበላ። እህቴ ጽዋውን በሁለት እጇ አንሥታ ቀያሹ ፊት ቆመች።

ቀያሹ ተነሡና እጅ ነሡ፤ ግን እጃቸውን አልዘረጉም። ልጄ፣ የማልኖርበትን ወር እቀበላለሁ ብየ በእመቤታችን ፊት አልዋሽም አሏት። ቅን ሰው ናቸው ብያለሁ። እሷም ገብቷታል፤ ዞራ ከሚቀሩት አንድ ሰው ፈለገች። የመጀመሪያው አንገቱን ደፋ። ሁለተኛዋ የነጠላዋን ጥለት መቁጠር ጀመረች። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ እየጸለዩ ይሁን እየረገሙኝ አላውቅም። በመጨረሻ ወደ እኔ መጣች። ሰው ሲታመም፣ ሰው ሲጎድል፣ መንገድ ሲዘጋ ተራውን ሁሌም የምሸፍነው እኔ ነኝ፤ ይህን ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

«እትየ፣ ተቀበይኝ እንጂ።»

እጄን ነጠላዬ ሥር ቀበርሁት። «አልቀበልሽም» አልሁ። «የኔ ተራ ሚያዝያ ነው።»

ሆዷ ከገንቦው ቀድሞ ወደ እኔ ወጥቷል። ልነሣና ልቀበላት እጄ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሷል፤ ያን ያህል ጨክኜ አላውቅም። ቄሱ ደብተሩ ይምጣ አሉ፤ አመጣሁላቸው፣ ገጹን አስቀድሜ አጥፌ ምልክት አድርጌበት ነበር። የአባቴን ጽሕፈት ጮክ ብለው አነበቡት። እህቴ ጽዋውን ወደነበረበት መልሳ አስቀመጠችና ወደ ወጥ ቤት ገባች። ተከትያት ገባሁ።

«ይኸን አንቺ ነሽ ያረግሽው» አለችኝ።

«አዎ።»

«እግዜር ይይልሽ።»

«ይየኝ» አልኋት። «አንቺም እዚሁ ሁነሽ ታይዋለሽ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሚኒባሱ በሯ ላይ ቆመ። እኔ ማዶ ሱቁ ደጃፍ ላይ ነበርሁ፤ አልደበቅም ብዬ ነው እንጂ የሚገዛ ነገር የለኝም። ቀያሹ ወርደው አናገሯት። ጽዋ አለብኝ ስትላቸው ሰማሁ። እሳቸው ቆብ አውልቀው ወደ ቤቱ ውስጥ፣ ወደ ጽዋው አቅጣጫ እጅ ነሡና ወደ መኪናው ተመለሱ። ጽዋውን ጥላ እንድትሄድ አልጎተጎቷትም፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ፣ ለሌላው ገና ነኝ። እሷ ግን ሚኒባሱ ከተጠመዘዘ በኋላ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። ያሳደግኋት ልጅ ሁለት ሳምንት ያህል ቃል አልተነፈሰችልኝም። ከሁሉ የከፋብኝ ያ ነው።

የገና ማግስት ሥራ ላይ ሳለሁ ባሏ ደወለ። ራሷን ክፉኛ አሟታል፣ ዓይኔ አይታየኝም ትላለች አለኝ። በባጃጅ ደርሼ እየደገፍን ሐኪም ቤት አስገባናት። ግፊቷን የለካችው ነርስ መሣሪያውን ተጠራጥራ ደግማ ለካች። በዚያው አስተኟት። ሐኪሟ፣ «መንገድ ላይ ሆና ቢሆን ኖሮ» ብላ ጀመረችና ነፍሰ ጡሯ እየሰማች መሆኑን ስታይ አቋረጠች። እህቴ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ጥምቀት እዚያው እያለች ደረሰ። ታቦታቱ ሲወርዱ ከበሮው በመስኮት ይሰማ ነበር፤ ቀያሹ ያሉት ቀን አልፎ፣ ፀሐይ እንደ ወትሮዋ ሐይቁ ላይ እየተንጸባረቀች ነው። ምላሴ ላይ የተሰለፈውን ቃል ሁሉ ብጽፈው ይህ ወረቀት አይበቃም። ምንም አላልሁም። በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ከባድ ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። እህቴም ከብዙ ጊዜ በኋላ አፍ አውጥታ ያናገረችኝ ያኔ ነው፤ ጽዋው ያለበት ቤት ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ባልሽ አለ አልኋት።

ልጅቷ የካቲት ላይ ያለ ቀኗ በቀዶ ጥገና ተወለደች። ትንሽ ናት፣ ጩኸቷ ግን ሙሉ ነው። የተመለሰልኝን ገብስ አስፈጭቼ ገንፎውን ያገነፋሁት እኔ ነኝ፤ እህቴ በላች፣ ስትጨርስ ሳህኑን መልሳ ዘረጋችልኝ። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ጽዋውን ግን ለማንም አልሰጥም አለች። ሥጋቱ አልፏል፣ አሁን እኔ ልቀበልሽ ብላት፣ ተራው የኔ አይደለም የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ አለችኝ። በአራስነቷ ወራት ማኅበሩ እኔ ቤት ሲደረግ ባሏ ጽዋውን አቅፎ ያመጣል፣ አቅፎ ይመልሳል። ድርቅናዋን ከየት እንዳመጣችው የሚጠይቀኝ ሰው አልጠፋም። ሦስቱ ቤተሰቦች ጥር ሳያልቅ አንድ በአንድ ከተራራው ተመለሱ፤ ማንም አላሾፈባቸውም፣ ቦታቸውን ለቀን አስቀመጥናቸው። ቀያሹ ግን ቀሩ።

የመጡት ልጅቷ ክርስትና ከተነሣች በኋላ፣ ግንቦት ሃያ አንድ ቀን ነው፤ ማኅበሩ እንደገና እህቴ ቤት ነበር። ከስተዋል፤ ጺማቸው አድጓል። በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ወረቀቱን አልያዙም፤ ግን ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ስሌቱ ላይ ስሕተት ነበር፣ አስተካክየዋለሁ፣ ኅዳር ነው አሉ። ለአምስት ወር ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ እህቴ እግር፣ ስለ ነርሷ መሣሪያ፣ ስለዚያ ተራራ የሚናገር፣ አንድም ለስላሳ ቃል የሌለበት። ተነሣሁ።

እህቴ ቀደመችኝ። ልጇን እንዳዘለች ጽዋውን አነሣች፣ በፊቴ አለፈች፣ በሁሉም ፊት አልፋ በሩ አጠገብ ደረሰች።

«ጋሼ፣ ተራዎ ነው።»

«ልጄ፣ ኅዳር እኮ...»

«እስከ ኅዳር ስድስት ወር አለ» አለች። «እኔ የምለምንዎ ለአንዱ ነው።»

ጀርባዋ ላይ ያለችው ልጅ ነቅታ ታያቸው ነበር። ቀያሹም አዩዋት፤ ብዙ ነው ያዩዋት። ምን እንደሚያስቡ አላውቅም፤ ያቺን ልጅ ባሰመሩት መስመር ላይ የት ጋ እንደሚያስቀምጧት ይፈልጉ ይሆናል። ከዚያ ያን ሁሉ ችካል የተከለ እጃቸውን ዘረጉና ጽዋውን ተቀበሉ። አሮጊቷ ዝማሬውን ጀመሩ። ልቆጣ የቆምሁት ሴትዮ ከቆምሁ አይቀር ብዬ ላጅብ ወጣሁ።

እስከ ፔዳ በእግር ሸኘናቸው። እንዳይፈስ እየተጠነቀቁ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። ቤታቸው ከታኅሣሥ ጀምሮ አልተከፈተም፤ ከተራራው ሲወርዱ ዘመድ ቤት ነበር ያረፉት። በሩ ላይ ሲደርሱ ሁለት እጃቸው ተይዟል። ያዢልኝ ብለው ጽዋውን ወደ እኔ ሊያቀርቡ አሉና ተዉት፤ በአገጫቸው የኮታቸውን ኪስ አሳዩኝ። ቁልፉን አወጣሁ። መቆለፊያው ዝጎ ስለነበር ብዙ ታገለኝ፣ ከፈትሁላቸው። አቧራ የጠጣ ክፍል ነው፤ የቅየሳ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጠረጴዛውን በነጠላዬ ጠረግሁት፤ ጽዋውን አስቀመጡት።

«ሰኔ ሃያ አንድ እንመጣለን» አልኋቸው።

«ኑ» አሉ።